ሆድ ሲዘጋ፦ ስለ አመጋገብ ሕመሞች በሪያድ ሱለይማኒያ የተደረገ ንግግር

በሳምንት የምታገኟትን አንዲት የዕረፍት ቀን ከፍላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዓርብ ከሰዓት ገንዘብ የሚላክበት፣ እናት ዘንድ የሚደወልበት፣ ፀጉር የሚሠራበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ የእኛ ላይመስል ይችላል። የአመጋገብ ሕመም ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው አጥንቷ የሚቆጠር የፈረንጅ ሞዴል ነው፤ ወይም ከዚህ ብዙም በማይርቀው በተሕሊያ ጎዳና ካፌ ውስጥ ሰላጣዋን በሹካ የምታገላብጥ የሀብታም ልጅ። «እኛ ምግብ አጥተን ነው የምንታመመው፤ ምግብ እያለ አልበላም የሚል በሽታ ከየት ያገኘናል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ያገኘናል። የሚመጣብን ግን መጽሐፍ ላይ በተሳለው መልኩ ስላልሆነ አንለየውም። ሳንለየው ቆይቶ ልብ ላይ ይደርሳል።

ሐኪሞች በዋናነት ሦስት ዓይነት ይለያሉ። አኖሬክሲያ ኔርቮሳ የሚሉት ሰው ምግቡን እየቀነሰ ሄዶ ክብደቱ ለሰውነቱ ከሚያስፈልገው በታች ሲወርድ ነው። ይህን ስም በ1870ዎቹ ያወጣለት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጋል ነው (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠራ እናገራለሁ)። ቡሊሚያ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ በልቶ፣ ከዚያ በጭንቀት የበሉትን ለማስወጣት መታገል ነው፤ በ1979 ለይቶ የጻፈው የለንደኑ ሐኪም ጄራልድ ራስል ነው። ሦስተኛው ያው ከመጠን በላይ መብላት ሲሆን ማስወጣቱ ግን የለበትም፤ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ2013 ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችም ይታመማሉ። ወንድ ሲከሳ ሰው ሥራ በዝቶበት ነው ብሎ ስለሚያልፈው ዘግይቶ ይታወቃል። ስለ ትርጓሜው ይህ ይበቃል፤ ወደ ራሳችን ታሪክ ልለፍ።

በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977፣ ያ ክፉ የድርቅ ዓመት ነው፣ ዘመቻ ሙሴ በተባለው ጉዞ 8,000 ገደማ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር በእግራቸው ነበር ሱዳን የደረሱት። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። ከተረፉት መካከል ወላጆቻቸውን ጥለው የመጡ፣ ወይም መንገድ ላይ የቀበሩ ብዙ ልጆችና ጎረምሶች ነበሩ፤ እስራኤል ሲደርሱ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ዳቦም ሥጋም ወተትም ሞልቷል። አንዳንዶቹ ግን መብላት አቆሙ።

የመጀመሪያው ምርመራ አኖሬክሲያ ነው የሚል ነበር። ከእነዚህ ወጣቶች ጋር የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋዲ ቤን ኤዘር ግን በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ምርመራ በጥያቄ ምልክት ውስጥ አስገባው፤ አኖሬክሲያ ነው፣ ወይስ ኢትዮጵያውያን መከራን የሚችሉበት መንገድ? ልጆቹ ውፍረትን አልፈሩም፤ መስታወት ፊት ቆመው ወገባቸውን አልለኩም። ኀዘናቸውን ሆዳቸው ውስጥ አኑረው ነበር፤ ሆድ በኀዘን ሲሞላ ደግሞ ለምግብ ቦታ አይተርፍም። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። እናታችን ስትሞት ጎረቤት ለቅሶ ቤት ድረስ እህል ይዞ መጥቶ «ቅመሱ እንጂ» እያለ የሚለምነን ለምን ሆነና?

ይህን ጽሑፍ የሚያውቁ አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያው በሽታ አይደለም፣ ባህል ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔ አልስማማም። ምክንያቱ ሌላ መሆኑ ሕክምናውን ይለውጠዋል፤ ልጆቹ ስለ ካሎሪ ትምህርት ሳይሆን ኀዘናቸውን የሚያደምጥ ሰው ነበር የሚያሻቸው። ጉዳቱን ግን አይለውጠውም። ምግብ ያጣ ልብ፣ ባለቤቱ ለመቅጠን ብላ ነው ወይስ እናቷን አዝና፣ ለይቶ አያውቅም።

ሌላም መልክ አለው። በ2004 የታተመ አንድ የጋና ጥናት 668 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሴቶችን መዝኖ፣ ራሳቸውን ከምግብ ከመከልከል በቀር ሌላ የመክሳት ምክንያት ያልተገኘባቸው 10 ልጆችን አገኘ። አንዳቸውም ስለ ቁመናቸው አልተጨነቁም። አሥሩም አለመብላታቸውን በጎ ነገር አድርገው በሃይማኖት ዓይን ነበር የሚያዩት፤ ራሳቸውን መግዛት ነው ለእነሱ። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሰው፣ ረመዳንን የሚጾም ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ጾምን ልነካ አልመጣሁም። ጾም መግቢያና መውጫ አለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይፈታል፣ ፍስኩ ሲመጣ ደስ ይላል። ፋሲካው አልፎ፣ ዒዱ አልፎ አሁንም የምትጾም ልጅ ካለች፣ ማዕድ ሲቀርብ ፊቷ የሚጨልም ከሆነ፣ እየጾመች ያለችው ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ሁለቱም ሃይማኖቶች በሽተኛን ከጾም ነፃ ያደርጋሉ። ይህን ከእኔ ይልቅ ካህኑ ወይም ሼኹ ቢነግሯት የበለጠ ትሰማለች፤ አስነግሩላት።

አሁን አንዲት ልጅ እናስብ። አንድ ሰው አይደለችም፤ ከብዙዎች ያዋጣኋት ናት። ዕድሜዋ 22፣ ከወሎ የመጣች፣ እዚሁ ሱለይማኒያ ውስጥ ትልቅ ቤት ታገለግላለች። እናቷ ማረፏን በስልክ ሰማች። ለቅሶ አልደረሰችም፣ ድንኳን አልተጣለላትም፤ ያን ዕለት ማታ አሠሪዋ መዳም እንግዳ ነበረባት። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ አልገባ አላት። መጀመሪያ ቁርስ ቀረ፣ ከዚያ ምሳ፤ አሁን በሻይና በቴምር ትውላለች። «ምነው?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፤ «ጨጓራዬ ነው።»

ጨጓራ የሚለው ስም ከአገራችን ልማድ ሁሉ ለዚህ ሕመም የተመቸው መደበቂያ ይመስለኛል። ውሸቷን አይደለም፤ የምር ይሰማታል። ለሳምንታት ጥቂት ብቻ የሚገባበት ጨጓራ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት አያወርድም። ሁለት ጉርሻ ስትወስድ ሆዷ ይነፋል፣ ያቅለሸልሻታል፣ የጠገበች ይመስላታል። እሷም «አያችሁ፣ ምግብ አይስማማኝም» ትላለች። መድኃኒት ቤት ሄዳ የጨጓራ ኪኒን ትገዛለች። አለመብላቱ ያመጣው ምልክት የአለመብላቱ ምክንያት ሆኖ ያርፋል፤ ክቡ ተዘጋ። ከዚህ ክብ የሚወጣው ጨጓራው ቀስ በቀስ እንደገና ሥራውን እስኪለምድ ድረስ በመብላት ነው፤ መነፋቱም በጊዜ ይቀላል።

ውስጥ ውስጡን ግን ምን ይሆናል? እንጨት ያለቀበት ቤት ወንበሩን ፈልጦ እንደሚያነድ፣ ሰውነትም ምግብ ሲያጣ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም መብላት ይጀምራል፤ ልብም ጡንቻ ነው። የልብ ጡንቻ ይሳሳል፣ ምቱ ይዘገያል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል፣ ትወድቃለች። እጅ እግሯ ይበርዳል፤ ሪያድ በሐምሌ እየነደደች ካልሲ ታደርጋለች። ፀጉሯ ይረግፋል፤ በሌላ በኩል ክንዷና ጀርባዋ ላይ እንደ ሕፃን ያለ ለስላሳ ጠጉር ይበቅላል። የወር አበባ ይቀራል። ይህ የመጨረሻው «ከሐሳብ የተነሣ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሆኖም ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። አጥንታችን የሚጠነክረው እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ገደማ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የጎደለው ኋላ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ለሁለት ዓመት ውል መጥታ የሽማግሌ አጥንት ይዛ የምትመለስ ልጅ አለች ማለት ነው።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ የደም ምርመራው ደኅና ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሰውነት ብዙ ቀን የደሙን ሚዛን ለመጠበቅ ይታገላል። «ተመርምራለች፣ ምንም የለባትም ተብሏል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አዘናግቷል።

የሚያስመልሱት ደግሞ አይከሱም ይሆናል፤ አደጋቸው ግን አይተናነስም። በማስመለስና በሚያስቀምጥ መድኃኒት ከውኃ ጋር ፖታሲየም ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል፣ እናም ትላንት ስትስቅ የዋለች ልጅ በድንገት ልትሞት ትችላለች። የጨጓራ አሲድ የጥርስን ሽፋን ይበላል፣ ጉሮሮ ይቆስላል። በጆሮ ሥርና በመንጋጋ ያሉት የምራቅ እጢዎች ስለሚያብጡ ጉንጭ ይሞላል። በቪዲዮ ስልክ ያየቻት አክስት «ፊትሽ ሞላ፣ ዐረብ አገር ተስማማሽ!» ብላ ታመሰግናለች። ጤና የመሰላት እብጠት ነው።

ወደ አእምሮ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስደንቀኝን ጥናት ልንገራችሁ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን መረጠ። በኅሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በ1945 ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀነሰ፤ ከክብደታቸው ሩቡ ያህል ወረደ። ማንም ቆንጆ መሆን አልፈለገም፣ ማንም ኀዘን አልነበረበትም። ሆኖም በጥቂት ወራት ውስጥ ጨዋታ ጠሉ፣ ከጓደኛ ራቁ፣ ተናዳጅና ዝምተኛ ሆኑ። ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡ ነበሩ። ሳህን ይልሳሉ፣ ትንሿን ምግብ ለረጅም ሰዓት ያገላብጣሉ። አንዱ በመጥረቢያ የገዛ ጣቶቹን ቆረጠ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ እስኪያማቸው ቢበሉም አልጠግብ አሉ።

ይህን ጥናት የማነሣው ለወቀሳችን መልስ ስለሚሰጥ ነው። «ጠባይዋ ተበላሸ፣ ሰው ጠላች፣ እልኸኛ ሆነች» እንላለን። ከዚያ ጠባይ ብዙው የረሃብ ጠባይ ነው፤ ሰውነቷ ሲመለስ አብዛኛው አብሮ ይመለሳል። የተራበ አንጎል ደግሞ ምክር አይዝም፤ ሲመክሯት «እሺ» ብላ ሳትበላ የምታድረው ንቃችሁ አይደለም።

የሌሊቱንም ነገር ያስረዳል። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ውላ ያልቀመሰች ሠራተኛ፣ ቤቱ ሲተኛ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ቆማ ከተረፈው የሩዝ ካብሳ ትጀምርና ማቆም ያቅታታል። ሆዷ እስኪወጠር፣ እንባዋ እስኪመጣ ትበላለች። ጠዋት ራሷን «ሆዳም» ብላ ሰድባ ለቅጣት እንደገና ትጾማለች፤ ማታ ያው ይደገማል። ሆዳምነት አይደለም። የሚኒሶታዎቹም ወንዶች እንዲሁ ሆነው ነበር። መድኃኒቱ የሚጀምረው ከማታው ሳይሆን ከቁርሱ ነው፤ ቀን የበላች ሌሊት የሚነጥቃት ነገር ይቀንሳል።

(በነገራችን ላይ፣ ማቀዝቀዣ የተቆለፈባት፣ ምግብ የተከለከለች ሠራተኛ ካለች የአመጋገብ ሕመምተኛ አትባልም፤ ተበዳይ ናት። ጉዳይዋ የሕግ ነው። ሁለቱን አንቀላቅል።)

ስልካችን ስለሚያሳየን መልክስ? በ1995 ፊጂ ደሴት ናድሮጋ በተባለ ቦታ ቴሌቪዥን ገባ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አን ቤከር ተማሪ ልጃገረዶችን ያኔ፣ ሌሎችን ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ጠየቀች። መጀመሪያ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አልነበረችም፤ በ1998 ግን ከመቶ 11 ያህሉ እናደርገዋለን አሉ። ፊጂ እንደ እኛ አገር ወፍራም ሴት የምትደነቅበት ነበር። ያ ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ዛሬ በየኪሳችን ያለውን አስቡት። የእኛ ልጅ ከሁለት ወገን ትጎተታለች፦ ቲክቶኩ ቀጭን ወገብ ይላታል፣ ሰፈሯ ደግሞ «ዐረብ አገር ሄዳ ከስታ መጣች» ብሎ እንዳያማት ወፍራ እንድትመለስ ይጠብቃታል። ለሁለቱም ሻጭ አይጠፋም። ማቅጠኛ ቡናና ሻይ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ሲቡትራሚን የተደበቀባቸው ተገኝተዋል፤ ልብን ስለሚጎዳ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። ለማወፈር ደግሞ በሱዳን በየሱቁ እንደሚሸጠው ዴክሳሜታሶን አለ፤ ፊትን የሚሞላው ውኃና ስብ እያከማቸ ነው፣ ስኳርና የደም ግፊት ያስነሣል፣ ብዙ ጊዜ ወስደው በድንገት ሲያቆሙት ሕይወት ላይ ያደርሳል።

ከአእምሮ ሕመሞች መካከል አኖሬክሲያ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው። በ2011 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ የሕሙማኑ ሞት በዕድሜ ከሚመስሏቸው ሰዎች አምስት ስድስት እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል፤ ከአምስት ሟቾች አንዱ ራሱን ያጠፋ ነው። ስለዚህ «መኖር ሰልችቶሻል ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባትም፤ ብቻዋን ይዛው ከሆነ ሸክሙን ያቀልላታል። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዉአት። የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937 ነው፤ አምቡላንስ 997።

ምን እናድርግ ነው ጥያቄው። እኛ አንድ ሀብት አለን፤ አብሮ መብላት። የለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል ሐኪሞች በ1980ዎቹ ለታመሙ ወጣቶች ያዘጋጁት ሕክምና ዋና ነገሩ ቤተሰብ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሳይቆጣ ሳይሰለች፣ በየማዕዱ እንድትበላ ማገዝ ነው። መሶብ ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። እዚህ የጠፋብን እሱ ነው፤ እያንዳንዷ ኩሽና ጥግ ላይ ብቻዋን ቆማ ትበላለች፣ ወይም አትበላም፣ የሚያይ የለም። በዓርብ አብራችሁ ብሉ፣ በሌላው ቀን በስልክ ተያይታችሁ ብሉ። «በሞቴ!» እያላችሁ ግን አፏ ላይ አትግፉ። ጉርሻ ለጤነኛ ፍቅር ነው፤ ለዚች ልጅ ግን ፍርሃት ነው። ስለ መልኳም አታውሩ፤ ከሳሽም፣ ወፈርሽም፣ አማረብሽም አይጠቅሟትም። «ካዘንሽ ጀምሮ ብዙም አትበዪም፤ አይቻለሁ፤ አብሬሽ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» በሉ። ለእናቷ ያልተቀመጠችውን ለቅሶ አብራችሁ ተቀመጡላት። ይህ ሕክምና አይደለም የሚል ካለ ቤን ኤዘርን ያንብብ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከቸርነታችን የሚመጣ አደጋ ነው። ብዙ ቀን ያልበላ ሰው ስናገኝ፣ ወይም ከስታ ስትመለስ ቦሌ ስንቀበላት፣ በግ እናርዳለን፣ ገንፎውን በቅቤ እናጥለቀልቃለን፣ ክትፎ እናቀርባለን። ለረጅም ጊዜ በተራበ ሰውነት ላይ ብዙ ምግብ በድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ይነሣና በደም ውስጥ የቀሩትን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ወደ ሕዋሳት ይጎትታቸዋል። ደሙ ከእነርሱ ሲራቆት ልብ ይዛባል፣ ትንፋሽ ይደክማል፣ ሰው በጥጋብ ቀን ይሞታል። አገር ቤት ጤና ጣቢያ በጣም ለተጎዱ ሕፃናት መጀመሪያ ኤፍ-75 የተባለውን ቀላል ወተት በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጡት፣ ጠንካራውን ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒ ነት ለኋላ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። አዋቂም ያው ነው፤ በሐኪም ክትትል፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቀስ እያለ።

ግሉኮስም እንዲሁ። «ግሉኮስ ይሰካላትና ትነሣለች» የሚል እምነት አለን። ለተራበ ሰው ቫይታሚን ቢ-1 ሳይቀድም የሚሰጥ ግሉኮስ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሞቹ ይህን ያውቃሉ፤ የማያውቁት ልጅቷ ስንት ቀን እንዳልበላች ነው። እሷ አትነግራቸውም፣ ይዟት የመጣው ሾፌርም አያውቅም፤ ያዞራት ልጅ ተብላ ትያዛለች። እዚሁ ሱለይማኒያ ያለው የንጉሥ ፋህድ የሕክምና ከተማ ይሁን ሌላ ሆስፒታል ብትወስዷት፣ ስለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ስለ ከፊል (አሠሪዋ) ስትጠየቁ መልሱ፤ ከዚያ በፊት ግን የድንገተኛ ክፍሉን ነርስ ይዛችሁ ይህን ንገሩ፦ «ማ አከለት ሚን ዐሸር አያም»፤ አሥር ቀን ሆኗታል አልበላችም። የቀኑን ቁጥር እናንተ አስተካክሉት። የምታስመልስም ከሆነች ይህንኑ ንገሩ፤ የምትወስደው ኪኒን ካለ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የልብ ምርመራና የፖታሲየም ምርመራ እንዲያዝላት ጠይቁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል። በአደባባይ መጠየቅ የማትፈልጉ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፤ ስም አያስፈልግም።